ከድንጋዩ ጀርባ

የዓለምነውን መርዶ ለሚስቱ ሳይነግሩ ስሙን ድንጋይ ላይ ቀረጹት። በሰው ስም አልተሳሳቱም፤ ስሙ የሱ ነው፣ የአባቱም ስም ልክ ነው፣ ሞቱም እውነት ነው። የጎደለው ነገር አንድ ብቻ ነው፤ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ባሏን የምትጠብቀውን አሰለፈችን ቁጭ አድርጎ የነገራት ሰው የለም። የመታሰቢያው ኮሚቴ ዘመድ ነግሯታል ብሎ አሰበ። ዘመድ ዕድሩ ይንገራት አለ። ዕድሩ ደግሞ የሟች ታላቅ ወንድም እያለ እኛ ምን ቤት ነን ብሎ ተወው። በዚህ መሀል ድንጋዩ በመኪና ተጭኖ መጣ፣ ተጠረበ፣ አደባባዩ ላይ ቆመ፣ በሸራ ተሸፈነ። ምረቃው ለነገ፣ ለቡሄ ዕለት ነው።

ልጇ ዓይናለም ነገሩን የሰማችው በዋዜማው፣ ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ ያውም ከራሷ አንደበት። እናቷ "ሴቶች የሚቀመጡት በየት በኩል እንደሆነ እዪልኝ፤ ከማይኩ ርቄ እንዳልቀመጥ" ብላ ልካት ነበር። ሌሊቱን ሲወርድ ያደረው ዝናብ አቁሟል፤ ከጉና በኩል የመጣው ጭጋግ ግን ደብረ ታቦርን እንደሸፈናት ነው፤ ባጃጆቹ በቀን መብራት አብርተው ጭቃ እየረጩ ያልፋሉ። ድንጋይ ጠራቢው ካሳሁን የሸራውን ጫፍ ገልጦ፣ ከሥሩ ቁጢጥ ብሎ፣ በተቀረጹት ፊደሎች ውስጥ በቀጭን ብሩሽ ጥቁር ቀለም ያስገባል። ዓይናለም ስለ ወንበሩ ስትጠይቀው ቀና ብሎ ቦርሳዋን አየና "ተማሪ ትመስይኛለሽ። እስቲ ጮክ ብለሽ አንብቢልኝ። እኔ ሳየው ስለሰነበትሁ ዓይኔ ለምዶታል፤ ፊደል ዘልዬ እንደሁ ነገ ከተማው ሁሉ ነው የሚሰድበኝ" አላት። ዓይናለም ሰው ሲያቆያት አትወድም። ከላይ ጀምራ፣ ገበያ ላይ የዕቃ ዋጋ እንደሚጠራ ሰው፣ የድሮዎቹን አርበኞች ከነማዕረጋቸው፣ ከዚያም በየዘመኑ ዘምተው የቀሩትን በጥድፊያ አነበበችለት። ስትጨርስ "በጀርባውም አንድ አለ፤ ታች ነው፣ ጎንበስ በይ" አላት። ዞራ ጎንበስ አለች። "ወታደር ዓለምነው ጥሩነህ" ብላ በዚያው የጥድፊያ ድምፅ ጠራችና የሚቀጥለውን ስም ስትፈልግ የሚቀጥል ስም የለም።

"ትክክል ነው?" አላት ካሳሁን ከወዲያ ማዶ።

"ምኑ?"

"ፊደሉ ነዋ።"

"ፊደሉ ትክክል ነው" አለች። ከዚያ "እዚህ ላይ ያሉት ሁሉም የሞቱ ናቸው?" ብላ ጠየቀች።

"በእኛ አገር በሕይወት ላለ ሰው ወረፋም አይለቀቅለት፣ እንኳን ድንጋይ ሊቆምለት።"

"ይኼ የመጨረሻው ለምን ከጀርባ ሆነ?"

"ወንድሙ ናቸው ያሉኝ። ጋሼ ሙላቴ፣ የወፍጮ ቤቱ። ኮሚቴ ናቸው እሳቸው። ሚስቱ እስካሁን አልተረዳችም፤ ከጀርባ፣ ከታች አድርግልኝ አሉ። ከተማው ሁሉ ያውቃል፣ እሷ ብቻ ትጠብቃለች። አይ፣ እንዲህ ያለ ነገርስ አይቼም አላውቅ። ልጅም አለች ይላሉ።"

"አለች" አለች ዓይናለም።

ወደ ወፍጮ ቤቱ ስትሄድ በባጃጅ አልሄደችም፤ ከማንም ጋር ጎን ለጎን መቀመጥ አልቻለችም። ያ መንገድ ሁልጊዜ የምታውቀው መንገድ ነው፤ ዛሬ ግን ሰላም የሚላት ሰው ሁሉ ፊት ላይ የሆነ ነገር ፈለገች። ባለሱቋ "እንዴት አደርሽ፣ እናትሽ ደኅና ናት?" ስትላት፣ ድሮም "እናትሽ" ሲሉ ድምፃቸው ዝቅ እንደሚል ትዝ አላት። ልጅ ሳለች ድሆች ስለሆንን ነው ብላ ታስብ ነበር። አባቷን አታውቀውም፤ አንዲት ፎቶ አለች፣ ጠርዟ የተላጠ፣ አንድ ቀጭን ወጣት እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ከባሕር ዳር የፎቶ ቤት መጋረጃ ፊት የቆመባት። ስለሱ አላለቀሰችም፣ አሁንም አላለቀሰችም። ደረቷ ላይ የተቀመጠው ነገር ስለ ነገ ጠዋት ነው። የጀግና ቤተሰብ ተብለው ተጠርተዋል፤ የፊት ረድፍ ነው፣ ነጭ ልብስ ነው። እናቷ "ለዘመቱት ሁሉ ነው" ተብላ ነው የተነገራት፤ ባሏ ዘምቷል፣ ስሙ ቢጠራም አይደንቃትም።

ወፍጮ ቤቱ በሴቶች ተጨናንቋል፤ ለቡሄ ዳቦ ስንዴ የማያስፈጭ የለም። ሙላቴ ቅንድቡ ድረስ ዱቄት ለብሶ ከሞተሩ አጠገብ ቆሟል። ዓይናለም በሴቶቹ መሀል ተሽሎክልካ ሄዳ ጆሮው ሥር ጮኸች። አልሰማትም። እጁን ወደ ጆሮው አስጠጋ። ደግማ ጮኸች። "አባቴ" ስትል ሞተሩ ያጓራ ነበር፤ "ከሞተ ስንት ዓመቱ ነው?" ስትል መብራት ጠፋ። ሞተሩ እያቃሰተ ቆመ፣ ቀበቶው ጥቂት ተወዛወዘና ተኛ፣ የዓይናለም ድምፅ ብቻውን ቤቱን ሞላው። ወረፋ ይዘው ከቆሙት ሴቶች አንዷ የጆንያዋን አፍ እንደገና ማሰር ጀመረች። አንዷ ከነጠላዋ ላይ ዱቄት አራገፈች። ሌላዋ ወደ በሩ ዞረች። ከመካከላቸው አንዷም እንኳ "ምን አለች?" ብላ አልጠየቀችም። ለዓይናለም ካሳሁን ከነገራት ይልቅ ነገሩን ያረጋገጠላት ይኼ ነው።

"ነይ ወደ ውስጥ" አላት ሙላቴ።

ውስጥ ማለት እናቷ የምትሠራበት ክፍል ነው። ሚዛኑ እዚያ ነው፣ በአሮጌ ብርድ ልብስ የተጠቀለለው በርጩማዋም እዚያ ነው። አሰለፈች እዚህ ተቀምጣ የከተማውን እህል ስትመዝን ነው ዓይናለምን ያሳደገቻት፤ ደመወዝ የሚባል ነገር የለም፣ ቤተሰብ ናታ፤ በግቢው ጀርባ አንድ ሰርቪስ ክፍል፣ ከዚያ ዱቄት፣ ከዚያ በዓመት አንድ ቀሚስ። ሙላቴ በርጩማው ላይ ሊቀመጥ ብሎ ተወውና ጆንያ ላይ ተቀመጠ። ተናገረም። ዓይናለም በተወለደች በሦስተኛው ሳምንት ከወንድሙ ጋር የዘመተ ልጅ በክራንች ተደግፎ መጣ። እዚሁ ወፍጮ ቤት ቆሞ፣ በዓይኔ አየሁት አለ፣ አፈርም አልብሼዋለሁ አለ። ሙላቴ ያን ቀን ሚስቱ ትርንጎ እንኳ እንዳትሰማ ወደ ገደሉ ወርዶ ብቻውን አለቀሰ። "አራስ ናት። አራስ መርዶ ሰምታ ወተቷ ቢነጥፍ አንቺን ማን ያሳድግሽ ነበር? ክርስትናሽ ይለፍ አልን። ክርስትናሽ አለፈ፣ ዐቢይ ጾም ሆነ። ከዚያ የትርንጎ እህት ሠርግ መጣ። ከዚያ እናትሽ ታመመች። ነገር ሲያድር ይከብዳል፣ ልጄ። ዘንድሮ እላለሁ ስል፣ እስከ ዛሬ ምን ይሠሩ ነበር ትለኛለች ብዬ ፈራሁ።"

"ጌጡ ሽማግሌ ሲልክ ክርስትናዬ አልፎ ነበር" አለች ዓይናለም።

ጌጡ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ ሐሙሲት ላይ ቤት ያለው፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ ሲስቅ እጁን አፉ ላይ የሚያደርግ ሰው። ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ልኳል። ዓይናለም ያኔ ዐሥር ዓመቷ ነው፤ ለሽማግሌዎቹ ውኃ ይዛ ቆማ ሰምታለች። እናቷ "ባለ ትዳር ነኝ፣ ባሌ ይመጣል" አለች፤ ሽማግሌዎቹ ወደ ሙላቴ ዞሩ፤ ሙላቴም መሬት መሬቱን እያየ "እንዳለችው ነው" አለ። አሁን ስታስበው ከሽማግሌዎቹ አንዱ ያኔ ጉሮሮውን ጠርጎ ነበር።

"ያኔ ብትሄድ ሚዛኑን ማን ይይዝልዎት ነበር?" አለችው።

"እኔ ወንድሜን ነው ያጣሁት" አለ ሙላቴ፤ ድምፁ ተሰብሮ ነበር፣ ውሸትም አልነበረም። "ስሙን ብተወው ጀግና አልነበረም ማለቴ ነው። ባወጣው እሷ አለች። ምን ላድርግ? ከጀርባ አስደረግሁ። ነገ ስም በየግል አይጠራም፣ በጅምላ ነው የሚባለው፤ አስወስኛለሁ። እሷ እንደሁ አታነብም። ታየዋለች፣ ታጨበጭባለች፣ ትመጣለች።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ በወጉ ነው። ዛሬ ቅዳሜ ነው፣ ሰንበት ነው። ነገ እሑድም በዓልም ነው። ፍልሰታ ይፈታ፣ መስከረም ይጥባ። በንጋት፣ እህል ሳትቀምስ፣ ሰው ሰብስበን፣ ግራና ቀኝ ይዘን እናረዳታለን። አንቺ አፍሽን እንዳትከፍች። ልጅ እናቷን አታረዳም፣ ነውር ነው። ደም ግፊቷን ታውቂያለሽ። ተዝለፍልፋ ብትወድቅ በማን እጅ ነው?"

መብራቱ መጣ። ሞተሩ አጓራ። ሙላቴ እንደ ዳነ ሰው ብድግ ብሎ ወጣ።

በማን እጅ ነው የሚለው ቃል ግን ከዓይናለም ጋር ወጣ። ልብስ ሰፊው ምትኩ ወደሚሠራበት በረንዳ እስክትደርስ አብሯት ሄደ። እናቷ በተሰነጠቀው መስታወት ፊት ቆማ አዲሱን ቀሚስ ለብሳለች፤ ክርኗ አካባቢ ዱቄት እንዳይነካው እጇን ከሰውነቷ አርቃ፣ በረንዳ ላይ ዱቄት ያለ ይመስል። አርባ ዓመቷ ገና መሙላቱ ነው። ፀጉሯን ሹሩባ ተሠርታለች። ዓይናለም እናቷን ቆንጆ ናት ብላ አስባ አታውቅም ነበር፤ ዛሬ አየቻትና ተናደደች።

"ወንበሩስ?" አለቻት እናቷ።

"ከፊት ነው።"

"ከማይኩ ቅርብ ነዋ። እጄን ባወጣ ይሰጡኛል? ንግግር አይደለም እኮ፣ አንድ ነገር ነው የምጠይቀው። ምርኮኞቹ መቼ ነው የሚለቀቁት እላለሁ። ባለሥልጣን ሁሉ እዚያ ነው የሚሰበሰበው፣ ከዚህ የተሻለ ቀን መቼ አገኛለሁ? የአሥመራው አውሮፕላን ተመላለሰ፣ ስልኩ ተከፈተ፣ የቀረው ሰው ብቻ ነው። ከተማው ፊት ብጠይቅ ዝም ሊሉኝ አይችሉም። አይደል፣ ምትኩ?"

ምትኩ አንገቱን ወደ ስፌት መኪናው ደፍቶ ባዶ ጨርቅ ይሰፋ ነበር። "አይ እንግዲህ፣ እትዬ አሰለፈች" አለ። ሒሳብ ልትሰጠው መቀነቷን ስትፈታ እጁን አወናጨፈ። "ለበዓሉ ከኔ ይሁን።" እንቢ አለችው፣ እንቢ አላት፤ በመጨረሻ ብሩን መልሳ አስራ "በል ሰው ሁሉ ዘንድሮ ደግ ሆኗል፤ እርቁ ነው መሰለኝ" ብላ ሳቀች። ዓይናለም ምትኩን አየችው። ምትኩ መርፌ የጠፋበት ይመስል ወደ መሬት ጎነበሰ።

ሐምሌ ላይ የአሥመራ ስልክ የተከፈተ ሰሞን እናቷ ዝም ብለሽ ደውይ ብላት ነበር። "ለማን?" ስትላት "ለማንም። አንድ ሰው ያነሣል" አለቻት። ዓይናለም አፍራ፣ ተናዳ፣ ቁጥር እንደመጣላት ነካካች። በሦስተኛው አንዲት ሴት አነሡ፤ አማርኛቸው የቆየ፣ ድምፃቸው ትልቅ። አሰለፈች ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ስለ ባሏ ቁመት፣ ስለ ግንባሩ ጠባሳ ነገረቻቸው። ሴትየዋ እሺ እሺ እያሉ ሰሙና እኔም ወንድሜ እናንተ ዘንድ ቀርቷል፣ እስቲ አንቺም ፈልጊልኝ አሏት። ሁለቱም አለቀሱ። ካርዱ አለቀ። ከዚያ ወዲህ እናቷ በየገበያው የሴትየዋን ወንድም ስትፈልግ ዓይናለም አይታታለች፤ ያልተለመደ ሰው ካየች እስኪያልፍ ቆማ ታያለች። ነገ ይህች ሴት ድንጋዩ ፊት ቆማ፣ አዲስ ቀሚስ ለብሳ፣ ድንጋዩ ላይ ያለው ሰው መቼ እንደሚመጣ ማይክ ይዛ ልትጠይቅ ነው። ከተማው ሁሉ ወደ መሬት ያያል። አንድ ሕፃን ወይም አንድ ሰካራም ይስቃል። ከዚያ አንድ ሰው ስም ይጠቅሳል።

ከሰዓት በኋላውን በሰርቪሷ አብረው ዋሉ። ክፍሏ አንድ አልጋ፣ አንድ ሳጥን፣ የተላጠችው ፎቶ ከነምስማሯ፣ ዝናብ ሲዘንብ ከጣሪያ ለሚንጠባጠበው የሚቀመጥ ባልዲ አላት። ዓይናለም ሦስት ጊዜ አፏን ከፈተች። አንዴ እናቷ "ፊትሽ ገረጣ፣ ጾሙ ነው?" አለቻት። አንዴ በውጭ የሚያልፉ ልጆች ጅራፍ አጮኹና ሁለቱም ደነገጡ። አንዴ ደግሞ፣ ሁሉን አስባ፣ "እማዬ" ብላ ስትጀምር እናቷ ነጠላዋን አጣጥፋ አልጋው ላይ እያኖረች "ሲመጣ የት ነው የምናስተኛው ብዬ አስባለሁ፤ አንቺ ባትኖሪ እንኳ ክፍሏ ለሁለት ትጠባለች" አለች። ዓይናለም አፏን ዘጋች። እናቷ ብትጮህ ትይዛታለች። ዝም ብላ ብትወድቅስ? ሰው ሰብስበው፣ ግራና ቀኝ ይዘው የሚሉት ወግ ለምን እንደተሠራ የገባት ያኔ ነው፤ ሰውን ለመያዝ ነው። እነዚህ ግን ሴትየዋን የያዟት ሳይነግሯት ነው።

ወደ ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ የሙላቴ ሚስት ትርንጎ ለራት ጠራቻቸው። ሳሎኑ ሞቋል፤ የቡሄው ሙልሙል በሰፌድ ተከምሯል፣ ሽሮው መሀል ላይ ይንተከተካል፣ ሶፋው የዳንቴል ልብሱን ለብሷል። ሙላቴ ታጥቦ፣ ጋቢውን ደርቦ ተቀምጧል፤ ዓይናለምን አላያትም። ትርንጎ ስለ ስንዴ ዋጋ አንድ ነገር አለች፣ ሙላቴ "እህ" አለ። ቴሌቪዥኑ አሥመራን ማሳየት ሲጀምር አሰለፈች ጉርሻዋን በእጇ እንደያዘች ወንበሯን ጎትታ ተጠጋች። እርቁ ከወረደ ወዲህ ልማዷ ነው። የምታየው መሪዎቹን አይደለም፣ ከኋላ መንገድ ዳር ተኮልኩሎ የሚያጨበጭበውን ሰው ነው፤ አንድ በአንድ ትፈትሸዋለች። ሙላቴና ትርንጎ እንደተለመደው እንጀራቸውን አዩ።

"ይኼ" አለች አሰለፈች። "ይኼ ዛፉ ሥር ያለው። ትከሻውን ይዩት እስቲ፣ ጋሼ ሙላቴ። እርጅና ነው እንጂ ትከሻውስ የሱ ነው።"

"ይመስላል" አለ ሙላቴ።

ዓይናለም ተነሣች። እጇን ልትታጠብ የሄደች መሰላቸው። ጓዳ ገብታ፣ ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ፣ አዘቀዘቀችው፤ ጥለቱን ወደ አንገቷ አውጥታ፣ ለቅሶ ቤት እንደሚለበሰው፣ ግራና ቀኝ አጣፋችው። ልጅ እናቷን አታረዳም ተብሏል፤ እሷም ቃል አልተነፈሰችም። ተመልሳ መጥታ በሩ ሥር ቆመች።

መጀመሪያ ያየቻት ትርንጎ ናት። "ምን ሟርት ነው በዓመት በዓል ዋዜማ፣ አስተካክይ ነጠላሽን" አለች፤ ድምፅዋ ግን ቀጥኖ ወጣ። አሰለፈች ከቴሌቪዥኑ ዞረች። ልጇን ከላይ እስከ ታች አየቻት።

"ማን ሞተ?" አለች።

ትርንጎ ወደ ሙላቴ ዞረች።

"ጋሼ ሙላቴ፣ ማን ሞተ?"

"እስቲ በዓሉ ይለፍ፣ አሰለፈች" አለ ሙላቴ።

አሰለፈች በእጇ የያዘችውን ጉርሻ ወደ ትሪው መለሰችው፤ ጠርዙ ላይ፣ እንዳይበተን አድርጋ። ዓይናለም ትጮኻለች ብላ ጠበቀች፣ ልትይዛትም ሁለት እርምጃ ቀረበች። እናቷ ግን እጇን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ቴሌቪዥኑ ላይ ሰዎቹ አሁንም ያጨበጭባሉ።

"መቼ?"

"አራስ ነበርሽ" አለ ሙላቴ። "ወተትሽ እንዳይነጥፍ ብለን ነው።"

አሰለፈች ዓይናለምን አየች፤ ረጅሟን፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዋን፣ በሩን የሞላችውን። ወተቱ የት እንደደረሰ የምትለካ ይመስል።

"ወፍጮ ቤት የሚመጡት ያውቃሉ?" አለች።

"ያውቃሉ" አለች ዓይናለም። በዚያ ቤት መልስ የሚሰጥ ሌላ ሰው አልነበረም።

"ምትኩስ?"

"ያውቃል።"

"ጌጡ?"

ዓይናለም አላወቀችም። ወደ ሙላቴ ዞረች። ሙላቴ ራሱን ነቀነቀ፤ "አያውቅም፣ ከሐሙሲት ነው፤ እንዳይነገረው ብለናል" አለ። ይህን ሲናገር እንደ መልካም ሥራ ነበር የተናገረው። አሰለፈች ትንሽ ፈገግ ያለች መሰለ፤ ፈገግታ አልነበረም። ከአንገቷ ላይ የወፍጮ ቤቱን ቁልፍ ከነማሰሪያው አወጣች። ክሩ ከሹሩባዋ ጋር ተያያዘና አልወጣም አለ፤ ትርንጎ ልትረዳት እጇን ዘረጋች፣ አሰለፈች ራሷን አሸሸች፣ ጎትታ በጠሰችው። ቁልፉን ከሙልሙሉ ሰፌድ አጠገብ አኖረችው። ከዚያ ነጠላዋን አውልቃ፣ ዘርግታ፣ አዘቅዝቃ ለበሰች።

"ቆይ፣ ሰው ልጥራ" አለ ሙላቴ ጋቢውን እየሰበሰበ። "ጎረቤት ይምጣ፣ ዕድሩ ይጠራ፣ ወጉ ይድረስሽ። እንዲህ ብቻሽን አይሆንም።"

"ምን ሊሠሩ ይመጣሉ?" አለች አሰለፈች። "እናንተ አልቅሳችሁ ጨርሳችኋል። እኔ ገና ልጀምር ነው።"

ወጣች። የጫማዋ ድምፅ በግቢው ጠጠር ላይ ተሰማ፤ ወደ ሰርቪሷ በኩል አልታጠፈም፣ ወደ ውጭው መዝጊያ፣ ድንጋዩ ወዳለበት አደባባይ በኩል ሄደ። ከመንገዱ ጅራፍ ጮኸ፤ ቀጥሎ የእናቷ ድምፅ ወጣ፣ መጀመሪያ ዝቅ ብሎ፣ የባሏን ስም ብቻ። ሙላቴ በሩ ድረስ መጣ። ዓይናለም ፊቱ ቆመች።

"በዚህ ጭጋግ ወዴት ነው የምትሄድ? ስሙ ከጀርባ እንደሆነ እንኳ አታውቅም፤ ማን ያሳያታል?" አለ።

"እኔ አሳያታለሁ። ይቀመጡ" አለችውና ወጥታ በሩን ከውጭ ዘጋችው።